ቅርስ፣ ማስታወሻ፣ ንዋይ፦ ለምናስቀምጣቸው ነገሮች ያሉን ስሞች

ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ፣ በጮቄ ተራራ ግርጌ ባሉ የደጋ ቀበሌዎች፣ አንድ ሽማግሌ «ቅርስ የለኝም» ካሉ ስለ ሙዚየም እያወሩ አይደለም። ለክፉ ቀን ያኖርሁት የለም፣ በሬ ቢሞትብኝ ሌላ የምገዛበት የለም ማለታቸው ነው። ከተማ ገብቶ የተማረው የልጅ ልጃቸው ግን ቅርስ ሲባል የሚታየው ላሊበላ፣ አክሱምና የፋሲል ግንብ ነው። አንድ ምድጃ ዳር ተቀምጠው በአንድ ቃል ሁለት ነገር ይነጋገራሉ፤ አንዳቸውም አልተሳሳቱም።

ሰው ከቤቱ ሳይጥል፣ ሳይሸጥና ሳያበድር ለሚያስቀምጠው ዕቃ አማርኛ ብዙ ስም አለው። ስሞቹን ለይቶ ማወቅ የቋንቋ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። አንድ ዕቃ የሚጠበቀው፣ የሚወረሰው፣ የሚሸጠው ወይም ድምፁ ሳይሰማ የሚጠፋው ሰዎች በሰጡት ስም ነው። ስሙ ሲለወጥ ዕጣውም ይለወጣል።

ከቅርስ እንጀምር። በገበሬው አነጋገር ቅርስ ተቆጥቦ የተቀመጠ ሀብት ነው፤ ጥሪት ከሚለው ቃል ጋር ጎን ለጎን ይሄዳል። ጥሪት «አጥረየ» ከሚለው የግእዝ ግስ የመጣ ነው፤ አፈራ፣ ገንዘቡ አደረገ ማለት ነው። በዚህ ትርጉሙ ቅርስ የሚቀመጠው አንድ ቀን እንዲወጣ ነው። የማይነካ ቅርስ ለገበሬው ከንቱ ነው፤ ክፉ ቀን መጥቶ ካልተነካማ ለምን ተቀመጠ?

መንግሥት ቃሉን ወስዶ ሌላ ሥራ ሲሰጠው ይህ ተገለበጠ። በሕግ ቋንቋ ቅርስ ጨርሶ መውጣት የሌለበት ነገር ነው። ሕጉም ራሱ በአንድ ጊዜ እዚህ አልደረሰም። በ1958 የወጣው አዋጅ ቁጥር 229 ጥበቃ የሚደረግለትን ጥንታዊ ነገር በዓመት ነበር የለካው፤ ከ1850 ዓ.ም. በፊት የተሠራ መሆን ነበረበት። ይህን መለኪያ ይዘን ደብረ ማርቆስ እንግባ። ከተማዋን ከመንቆረርነት ወደ ደብረ ማርቆስነት ያሻገሯት ራስ አዳል፣ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምን ዘውድ የጫኑት በ1873 ነው። ስለዚህ በዚያ አዋጅ ዓይን በእርሳቸው ዘመን የተሠራ ዘውድም፣ ካባም፣ ጋሻም ጥንታዊ አልነበረም። ሃያ ሦስት ዓመት ዘግይቷላ! በ1992 የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 የተሻለ አሰበ፤ የዕቃውን ዕድሜ ከመቁጠር ይልቅ ለታሪክ፣ ለሳይንስ፣ ለባህልና ለኪነ ጥበብ ያለውን ዋጋ ይጠይቃል። የሚዳሰሰውን ብቻ ሳይሆን የማይዳሰሰውንም ይጨምራል። በእኔ አስተያየት የኋለኛው ሕግ ለጎጃም ቤቶች በጣም የቀረበ ነው፤ ከሴት አያት ሙዳይ የሚወጣው ነገር አብዛኛው ከ1850 ወዲህ የተሠራ ነውና።

ሁለቱን ቅርሶች፣ ማለትም የገበሬውንና የመንግሥቱን፣ በአንድ ዕቃ ላይ ለማየት የሚፈልግ ሰው ጠገራ ብርን ይመልከት። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ትሬዛ መልክ ያለበት ይህ ብር 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ ሰማንያ ሦስት እጁ ንጹሕ ብር ነው። በአገራችን ገበያ ለትውልዶች ሲሠራበት ቆይቶ በ1937 አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ሲወጣ ከገንዘብነት ወረደ። የሰው እምነት ግን አብሮ አልወረደም። ጎጃሜው በገንቦ አድርጎ ቀብሮታል፤ አንጥረኛ ዘንድ ወስዶ ለሚስቱ አልቦና አምባር፣ ለልጁ የአንገት መስቀል አስደርጎታል። ሴቶች ጆሮ አስበጅተው በድሪ አንገታቸው ላይ አስረውታል። ጌጡ ቅርስ ነበር፤ ችግር ሲመጣ ተመዝኖ ይሸጣላ። ያማረበት ሀብት ነው ማለት ይቻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በትዕግሥት ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው ይታለልበታልና። ጠገራ ብር አግኝቶ «1780 ይላል፤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ሆኖታል» ብሎ የሚደሰት አለ። ዓመቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ንግሥቲቱ የሞተችበት ነው። ከዚያ በኋላ በየትም ቦታ፣ በየትኛውም ጊዜ የተመታው ብር ይህንኑ ዓመት እንደያዘ ቀረ። ነጋዴው የለመደውን መልክ ካላየ አይቀበልም፤ የንግሥቲቱ የልብስ ፈርጥ ነጠብጣቦች ጎልተው ካልታዩት ብሩን ይመልሳል። ስለዚህ ቪየናም፣ ለንደንም፣ ቦምቤይም ያንኑ መልክና ያንኑ ዓመት ይዘው መቱ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ሊወር ሲነሣ ማኅተሙን ከኦስትሪያ ተቀብሎ ሮም ላይ አስመታ፤ ጦሩ በኢትዮጵያ ገበያ የሚገዛበት ገንዘብ ያስፈልገው ነበር። እንግዲህ ከአያት አንገት የወረደው ብር የአድዋ ዘመን ሊሆን ይችላል፤ ወራሪው ራሱ ያመጣውም ሊሆን ይችላል። ፊቱ ላይ ያለው ዓመት አይነግረንም። የሚነግረን «ይህን አባቴ ማር ሸጦ በእንዲህ ያለ ዓመት ገዛልኝ» የሚል ሰው ብቻ ነው። ይህን ነጥብ አንባቢ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ማስታወሻ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። ቅርስ ዋጋ አለው፤ ማስታወሻ ግን ዋጋ የሚኖረው ለሚያስታውሰው ሰው ብቻ ነው። በአልበም ውስጥ ያለች አንዲት ጥቁርና ነጭ ፎቶ እናንሣ። ጠርዟ እንደ መጋዝ ጥርስ ተከርክሟል። ሁለት ወጣቶች ኮት ለብሰው፣ አንዱ እጁን በሌላው ትከሻ ላይ ጥሎ፣ ከተሣለ መጋረጃ ፊት ቆመዋል። ቢገለብጧት ጀርባዋ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ደብዝዞ ይታያል፤ ከሥሩ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ለማይረሳኝ ወንድሜ ማስታወሻ ትሁን» የሚል ጽሕፈት፣ ቀንና ፊርማ አለ። ፊርማው አይነበብም። የሁለቱን ወጣቶች ስም የምታውቀው እናት ካለፈች ፎቶዋ ማስታወሻነቷን ታጣና «የድሮ ፎቶ» ትሆናለች። ወረቀቷ አልተቀደደም፣ ቀለሟ አልለቀቀም፤ የሄደው ሰውየው ነው። በመስከረም 2013 የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ሲቀየሩ አንድ ያረጀ መቶ ብር «ለማስታወሻ» ብለው ያስቀሩ ሰዎችም አሉ። እነሱም እንዲሁ ናቸው፤ ለምን እንዳስቀሩት ካልተናገሩ ልጆቻቸው የሚያገኙት ያልተመነዘረ ወረቀት ነው።

መታሰቢያ ከማስታወሻ ይሰፋል። ማስታወሻ በኪስና በሙዳይ ይቀመጣል፤ መታሰቢያ ግን አደባባይ ይወጣል፣ ሐውልት ይሆናል፣ የትምህርት ቤትና የሆስፒታል ስም ይሆናል። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የባህል ጥናት ተቋሙን በደራሲው በሐዲስ ዓለማየሁ ስም ሲሰይም ያደረገው መታሰቢያ ነው። የጸሐፊው ብዕር ቢገኝ ደግሞ ማስታወሻ ይባል ነበር።

ከዚህ ጎን «ዘከረ» ከሚለው የግእዝ ግስ የተወለደ አንድ ቤተሰብ አለ። ዝክር አለ፤ ለቅዱሱ ስም የሚደገስ። ተዝካር አለ፤ ለሞተ ሰው በአርባው የሚወጣ። መዘክርም አለ። ቤተ መዘክር ሲባል ዘመናዊ ሙዚየም ይመስለናል፤ በ1936 የተቋቋመው የብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቋም ወመዘክር እየተባለ መጠራቱም የሚያስታውሰን መሥሪያ ቤት ነው። ነገር ግን ቃሉ ከተዝካሩ ድንኳን ጋር ወንድማማች ነው። ጎጃሜው ለሟቹ ጠላ ሲጠምቅና ካህናት ሲጠራ፣ ከተሜው ለሟቹ ዕቃ በመስታወት ውስጥ ቦታ ሲሰጥ፣ ቋንቋው አንድ ሥራ እንደሠሩ ይቆጥራል። ልዩነቱ ተዝካር ላይ ስም መጠራቱ ነው። ያለ ስም ተዝካር የለም። ስም የሌለው ዕቃ የሞላበት ሙዚየም ግን ሞልቷል።

መዝገብ የሚለውን ቃልም እዚሁ ላንሣ። ዛሬ መዝገብ ስንል የፍርድ ቤት ፋይል፣ የንብረት ዝርዝር፣ ትልቅ ደብተር ነው። በግእዝ ግን መዝገብ ሀብት የሚከማችበት ጎተራና ሀብቱ ራሱ ነበር፤ መዝገበ ቃላት የምንለውም የቃላት ግምጃ ቤት ስለሆነ ነው። ግምጃ ቤትም እንደዚያው፤ ግምጃ ውድ የሐር ልብስ ነው። ዕቃው የሚቀመጥበት ቤት ስም ቀስ በቀስ ለዝርዝሩ ተሰጠ።

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያን እንግባ፤ በጎጃም ትልቁ ሀብት ያለው እዚያ ነውና። ካህናቱ የቤተ ክርስቲያኑን ጽዋ፣ ጻሕል፣ መስቀል፣ ጽና፣ ከበሮ፣ መጻሕፍትና አልባሳት ንዋየ ቅድሳት ይሉታል። ንዋይ በግእዝ ዕቃ ማለት ነው። በዛሬ አማርኛ ንዋይ ገንዘብ ሆኗል፤ «ፍቅረ ንዋይ» የሚባለው የገንዘብ ፍቅር ነው። ይህ መለወጥ በአንድ በኩል ያሳዝነኛል፤ የተቀደሰውን ዕቃና የኪሱን ገንዘብ በአንድ ቃል መጥራት ለሌባ ይመቻል።

ንዋየ ቅድሳትን ከቅርስ የሚለየው በሥራ ላይ መሆኑ ነው። የመርጡለ ማርያም፣ የዲማ ጊዮርጊስ ወይም የደብረ ወርቅ ማርያም መስቀል ለዕይታ የተቀመጠ አይደለም፤ ሕዝብ ይሳለመዋል፣ በበዓል ቀን ይወጣል፣ ተመልሶ ዕቃ ቤት ይገባል። ኃላፊው ቄሰ ገበዙ ነው፤ ቁልፉ ከእጁ አይወጣም፣ ሲሻርም ዕቃው ተቆጥሮ ለተተኪው ይተላለፋል። በእነብሴ ሳር ምድር በመርጡለ ማርያም፣ እቴጌ እሌኒ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ16ኛው መጀመሪያ ግድም ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ፣ የተጠረበና ያጌጠ ድንጋዩ ዛሬም ይታያል። ፍርስራሹ በመንግሥት ቋንቋ ቅርስ ነው፤ ከጎኑ ባለው ቤተ ክርስቲያን የሚቀደስበት ጽዋ ንዋይ ነው። የቅርስ ባለሙያ መጥቶ «ይህ ጽዋ ስላረጀ አይነካ» ቢል ካህኑ ግራ ይጋባል። ካልተቀደሰበት ለምን ጽዋ ሆነ? ባለሙያውም እውነት አለው፤ በየዕለቱ የሚነካ ነገር ያልቃል። ሁለቱን ለማስታረቅ አንዳንድ ገዳማት የማይቀደስበትን ለይተው በሙዚየም ማኖር ጀምረዋል፤ መልካም መላ ነው።

መጽሐፉ ማኅደር አለው፤ ከቆዳ የተሰፋ፣ ማንገቻ ያለው፣ በግድግዳ ካስማ ላይ የሚንጠለጠል። ብራናውን ከማኅደሩ አውጥቶ መጀመሪያውን ወይም መጨረሻውን ቅጠል የገለጠ ሰው ከጽሑፉ ውጭ የሆነ ጥቂት መስመር ያገኛል፤ አንዳንዴ በሌላ እጅ፣ በጠበበ ጽሕፈት። መጽሐፉን ያጻፈው ማን እንደሆነ፣ ለየትኛው ደብር እንደሰጠው፣ በማን ዘመነ መንግሥት እንደሆነ ይነግራል፤ የሚሰርቀውና የሚፍቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ብሎ ይዘጋል። «የሚሰርቀው» ብቻ ቢል በቂ ይመስላል። «የሚፍቀው» የተጨመረው ጸሐፊው ነገሩ ስለገባው ነው፤ ስሙ የተፋቀ መጽሐፍ ቢመለስም የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ይህ ግዝት ሁልጊዜ አላዳነም። አፍሮ አይገባ የተባለው የላሊበላ ቤተ መድኃኔ ዓለም የወርቅ መስቀል፣ ሰባት ኪሎ ያህል የሚመዝነው፣ በ1989 ተሰርቆ ቤልጅግ ከአንድ የጥንታዊ ዕቃ ነጋዴ እጅ ተገኘና በ1993 ተመለሰ። ለመመለሱ ከረዳው ነገር ዋናው መታወቁ ነው፤ ስም ነበረው፣ ቤት ነበረው፣ ሕዝብ ያውቀው ነበር። ስም የሌለው መስቀል ቢሆን ኖሮ ማን ይጠይቀው ነበር?

በጦርነት የተገኘ ዕቃ የራሱ ስሞች አሉት፤ ምርኮና ግዳይ። ጎጃም በዚህ ልምድ አለው። በ1874 እምባቦ ላይ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በምኒልክ ሲሸነፉ ንጉሡም፣ ጠመንጃቸውም በአንድ ቃል ተማረኩ። በብዙ የአርበኛ ቤት ምሰሶ ላይ የተንጠለጠለው ጠመንጃም ስሙ ታሪኩን ይናገራል፦ ውጅግራ የፈረንሳዩ ግራስ ነው፣ ምንሽር የኦስትሪያው ማንሊከር፣ አልቢን የአልቢኒ። ፈረንጁ የሰጠው ስም በጎጃሜ አፍ ተሟሽቶ የቤት ልጅ ሆኗል። መጋቢት 28 ቀን 1933 ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ጣሊያን ጥሎት የሄደው ኮዳና ቀለህ በየቤቱ ገባ። ያ ምርኮ ነው፤ ባለቤቱ ተሸንፎ ትቶታል። ለአርበኛው የተሰጠው ሜዳሊያና ኒሻን ግን ሽልማት ነው፣ ከምርኮው ጋር በአንድ ሣጥን ቢተኛም።

ስሙ ሲጣረስ የሚሆነውን የመቅደላ ታሪክ ያሳያል። ሚያዝያ 1860 አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደውን በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ ሄደ። ከተወሰደው መካከል የንጉሡ ቁንጮ ፀጉር ነበረበት። ሬሳቸውን የሣለው ሰው ቤተሰብ እንደ ማስታወሻ ሲያቆየው ኖሮ በፈረንጅ 1959 ለአንድ የለንደን የጦር ሙዚየም ሰጠው፤ ሙዚየሙ ደግሞ ስብስብ አደረገው። ለእኛ ግን ከመጀመሪያውም የአካል ክፍል ነበር፤ ከአፅማቸው ጋር የሚቀበር። በመጋቢት 2011 የተመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው። ሙዚየሙ ክርክሩን የተሸነፈው ዕቃውን ማስታወሻ ብሎ መጥራት ሲያቅተው ነው ብዬ አምናለሁ። በኅዳር 2014 ከተመለሱት የመቅደላ ዕቃዎች መካከል ደግሞ ዘውድ፣ ጋሻና በብር ያጌጡ የቀንድ ዋንጫዎች ነበሩ።

የመጨረሻው ስም እንግዳ ነው። ለመደሰት ብሎ ዕቃ የሚሰበስብ ሰው በአማርኛ የራሱ ስም የለውም። ሰብሳቢ ብንለው የስብሰባ ሰብሳቢ ወይም ዕዳ ሰብሳቢ ይመስላል። ልማዱ ከቴምብር ጋር መጣ። በአፄ ምኒልክ ዘመን ፓሪስ ታትመው የመጡት የመጀመሪያዎቹ ቴምብሮች ሰባት ነበሩ፤ የሩብ፣ የግማሽ፣ የአንድና የሁለት ግርሽ የሆኑት የንጉሡ መልክ አለባቸው፤ የአራት፣ የስምንትና የአሥራ ስድስት ግርሽ የሆኑት ደግሞ አንበሳ። አገራችን የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል የሆነችው በ1901 ስለሆነ፣ ቴምብሮቹን ከደብዳቤ ይልቅ የፈረንጅ ሰብሳቢ አልበም ቀድሞ ያውቃቸው ነበር ለማለት ያስደፍራል። ቀጥሎ «አንቲክ» የሚለው ቃል መጣ። ይህን ቃል አልወደውም። ዕቃው ማርዳም ይሁን ወለባ፣ የጸሎት መጽሐፍም ይሁን የእርሻ ዕቃ፣ አንቲክ ከተባለ የሚጠየቀው «ስንት ነው?» ብቻ ነው። የመጣበት ቤት ይረሳል። ቱሪስት የሚገዛው አዲስ የተሠራ መስቀልና ከአክርማና ከሰንደዶ የተሰፋ፣ በአለላ ያጌጠ ሙዳይ ግን ይሄድ፤ እሱ የስጦታ ዕቃ ነው፣ ለሰፊዋም እንጀራ ነው። አንቲክ ነጋዴው አሮጌውን አዲስ ብሎ፣ አዲሱን በጭስ አጥቁሮ አሮጌ ብሎ ሲሸጥ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

እንግዲህ ከጠገራ ብሩ ላይ የተውኩትን ነጥብ ላንሣ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ሙዳዩን ወይም ሣጥኑን አብረው ይክፈቱላችሁና አንድ በአንድ ጠይቁ፦ የማን ነበር፣ ከየት መጣ፣ ማን ሰጠው፣ በየትኛው ዓመት? መልሱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ከዕቃው ጋር አኑሩት፤ ለፎቶ ጀርባው ይበቃል፣ እርሳስም ከእስክሪብቶ ይሻላል። «አላስታውስም» ካሏችሁም ያንኑ ጻፉ። ብራና ጸሐፊዎቹ ያደረጉት ይህንኑ ነው፤ ግዝቱን መጨመር አለመጨመር የእናንተ ፈንታ ነው። ውጭ አገር የምትኖሩና የአያታችሁን መስቀል ወይም የብራና መጽሐፍ ይዛችሁ ለመሄድ የምታስቡ ደግሞ፣ ሻንጣ ከመዝጋታችሁ በፊት ዕቃውን ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን አሳዩና ፈቃድ ጠይቁ። ያለ ፈቃድ ከተገኘ ቦሌ ላይ ይያዛል፤ ያን ጊዜ «ማስታወሻዬ ነው» ማለት አያድንም።